ሕክምናው ያው፣ ቴራፒስቱ ለየቅል

ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) የሚፈልግ ሰው ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ማስተርስ አላት ወይስ ዶክትሬት? ስንት ዓመት ሠርታለች? ሲቢቲ (ሐሳብንና ባህሪን በመቀየር ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምና) ነው የምትጠቀመው ወይስ ሌላ? በዕድሜ በሰል ያለች ናት? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ቀዶ ሐኪም ስንፈልግም እንዲሁ ነው የምንጠይቀው። በንግግር ሕክምና ላይ ለብዙ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ሲገላበጡ ግን፣ ከእነዚህ መካከል ታካሚው ይሻለው እንደሆነ አስቀድሞ የሚነግረን የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉ የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ያቺ ባለሙያ ሰው ሲቆጣባት፣ ሲያኮርፋት ወይም "ምንም አልጠቀመኝም" ሲላት፣ በዚያችው ደቂቃ የምታደርገው።

ከቁጥሩ ልጀምር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2005 ብሩስ ዋምፖልድና ጄብ ብራውን በአሜሪካ በጤና መድን በኩል የታከሙ የ6,146 ሰዎችንና ያከሟቸውን 581 ቴራፒስቶች መረጃ መረመሩ። በታካሚዎቹ ውጤት መካከል ከታየው ልዩነት 5 በመቶ ያህሉ የመጣው ማን ጋ እንደተቀመጡ ነበር። የቴራፒስቱ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የዲግሪ ዓይነትና የሥራ ዘመን ግን ይህን ልዩነት ሊያብራሩት አልቻሉም። ስኮት ባልድዊንና ዛክ ኢመል በ2013 የ46 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲያዩም አማካዩ እዚያው 5 በመቶ ላይ አረፈ። ቴራፒስቶቹ ተመርጠው፣ ሠልጥነውና ክትትል እየተደረገላቸው በሠሩባቸው ሙከራዎች 3 በመቶ ነበር፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ በሚሠራባቸው ተራ ክሊኒኮች ደግሞ 7 በመቶ።

5 በመቶ ሲባል ኢምንት ይመስላል። ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ግን ማየት ያስፈልጋል። የንግግር ሕክምና ያገኘ ሰው ጭራሽ ካላገኘው ጋር ሲወዳደር የሚታየው ልዩነት ራሱ በዚሁ መለኪያ 14 በመቶ ገደማ ነው። እውቅና ያላቸው ዘዴዎች እርስ በርስ ሲወዳደሩ የሚገኘው ደግሞ ቢበዛ 1 በመቶ። ታዲያ "የትኛው ዘዴ ይበልጣል?" በሚለው ላይ የሚፈሰው ክርክር፣ የሥልጠና ገንዘብና ግድግዳ ላይ የሚደረደረው ሰርተፍኬት ትኩረቱን ከዋናው ነገር አርቆታል ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ዘዴ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ለፎቢያ (ለአንድ ነገር ከልክ ያለፈ ፍርሃት) እና ለኦሲዲ (እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብና እሱን ለማስታገስ የሚደጋገም ድርጊት)፣ ታካሚው የሚፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ እንዲጋፈጥ ማድረግን የማያውቅ ደግ ሰው ብቻውን ብዙ አይረዳም። ዘዴውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ውጤት አያመጡም ነው ነገሩ።

ልዩነቱ ደግሞ ለሁሉም ታካሚ እኩል አይደለም። በእንግሊዝ ዴቪድ ሳክሰንና ማይክል ባርካም በ2012 የ119 ቴራፒስቶችንና ከ10,000 በላይ ታካሚዎችን መረጃ ሲያጠኑ፣ ታካሚው የመጣበት ችግር እየከበደ በሄደ ቁጥር የቴራፒስቱ ማንነት የሚያመጣው ልዩነት እየሰፋ እንደሚሄድ አገኙ። ጉንፋን የያዘው ሰው ማንም ቢያየው ይድናል። ለመኖር የተቸገረ ሰው ግን ማን ፊት እንደተቀመጠ እጅግ ወሳኝ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ከአንድ ወይም ከሁለት ታካሚ ተነስቶ "ጎበዝ ናት" ወይም "አትረባም" ማለት አይቻልም። የቴራፒስቱን ድርሻ ከታካሚው ዕድልና ከችግሩ ክብደት ለይቶ ለማውጣት በዐሥሮች የሚቆጠሩ ታካሚዎች ያስፈልጋሉ። አብዛኛው ባለሙያ መሐል ላይ ነው፤ በግልጽ የሚለዩት በሁለቱም ጫፍ ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

እኛ ዘንድ "እጀ መድኃኒት" የሚባል ሐኪም አለ። አባባሉን የሚያስታውስ ጥናት ከአሜሪካ ልጥቀስ። የአገሪቱ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም በ1980ዎቹ ባካሄደው ትልቅ የድባቴ ሙከራ፣ አንዳንድ ታካሚዎች ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት፣ ሌሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ክኒን ይወስዱ ነበር። ክኒኑን እየሰጡ የሚከታተሏቸው ሳይካትሪስቶች ናቸው። ኬቪን ማኬይና ባልደረቦቹ በ2006 ይህንኑ መረጃ እንደገና ሲፈትሹ፣ ከውጤቱ ልዩነት መድኃኒቱ 3 በመቶ ገደማ፣ ሳይካትሪስቱ 9 በመቶ ገደማ ድርሻ ነበረው። ከሁሉ የተሻሉት ሳይካትሪስቶች በአምሳያው ክኒን ያገኙት ውጤት ደካሞቹ በእውነተኛው መድኃኒት ካገኙት በለጠ። ሳይካትሪስቶቹ 9 ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም፤ ማንም ሰው በዚህ ተነስቶ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አደራ። ክኒንን ያህል ነገር እንኳ ከሰጪው ሰው ካልተነጠለ፣ መሣሪያው ንግግር ብቻ የሆነ ሕክምናማ እንዴት ይነጠላል?

ያ "እጅ" ምንድን ነው? የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከመጠጥ ሕክምና ነው። ዊሊያም ሚለርና ባልደረቦቹ በ1980 ባወጡት ጥናት 9 ቴራፒስቶች መጠጥ ለመቀነስ የሚፈልጉ ሰዎችን ያከሙ ነበር፤ ሁሉም የሠለጠኑት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው። ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን ከመስታወት ጀርባ ሆነው እየተመለከቱ፣ የታካሚውን ስሜት ከውስጥ ሆኖ በመረዳት ችሎታ ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ደረጃ ሰጧቸው። ከስድስት ወር በኋላ ታካሚዎቹ ምን ያህል ይጠጡ እንደነበር ሲታይ፣ ከልዩነቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከዚህ ደረጃ ጋር አብሮ የሚሄድ ሆነ። ከታካሚዎቹ የተወሰኑት ቴራፒስት ሳይመደብላቸው መመሪያ መጽሐፍ ብቻ ይዘው ቤታቸው እንዲሠሩ ተደርገው ነበር። በደረጃው ግርጌ ያሉት ቴራፒስቶች ጋ የሄዱት ታካሚዎች ውጤት ከእነዚህ ሰዎች ያነሰ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች መጽሐፉ ይሻላቸው ነበር ማለት ነው። ሚለር በኋላ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የተባለውን አካሄድ ያዳበረው ከዚህ ትምህርት ተነስቶ ነው።

ስሜትን ከውስጥ ሆኖ መረዳት፣ ባለሙያዎች ኢምፓቲ የሚሉት፣ ከማዘን ይለያል። ካርል ሮጀርስ በ1957 ለለውጥ ያስፈልጋሉ ካላቸው ነገሮች ውስጥ ሦስቱ የቴራፒስቱ ናቸው፦ ራስን ሆኖ መገኘት፣ ታካሚውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ እና ይህ መረዳት። በአማርኛ ለሚሠራ ቴራፒስት ትልቁ ወጥመድ "አይዞሽ" የምትለዋ ቃል ትመስለኛለች። ቃሏ ውብ ናት፤ ለቅሶ ቤትም፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይም ቦታ አላት። ቴራፒ ክፍል ውስጥ ቀድማ ስትመጣ ግን በር ትዘጋለች። ለምሳሌ አንዲት ሴት "እናቴ ካረፈች ጀምሮ የሷን ክፍል መክፈት አቃተኝ" ብትል፣ "አይዞሽ፣ ጊዜ ሁሉን ይፈታል" የሚል መልስ "አዎ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ከማለት ሌላ ምርጫ አይሰጣትም። "በሩ ጋ ስትደርሺ ምን ትሆኛለሽ?" የሚለው ወደፊት ይወስዳታል። "በሩ እስካልተከፈተ ድረስ እዚያ ውስጥ ያለች ይመስላል፤ ከተከፈተ ግን አለመኖሯ የእውነት ሊሆን ነው" የሚለው ደግሞ እሷ ያላለችውን፣ ነገር ግን በአፏ ጫፍ ላይ ያለውን ይናገራል። ይህ ግምት ስለሆነ ሊስት ይችላል፤ ከሳተ "እንደሱ እንኳን አይደለም" እንድትል ቀለል አድርጎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ጎበዝ ቴራፒስት ብዙ ጊዜ ይስታል። ሲስት ግን ታካሚዋ እንድታርመው ቦታ ትቶላት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥናት ለእኔ ዋናው በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቲሞቲ አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2009 ያወጡት ነው። ለማከም የሚያስቸግሩ ታካሚዎችን የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች አዘጋጁ፦ የተቆጣ፣ የተዘጋ፣ የሙጥኝ የሚል፣ ቴራፒስቱን የሚያጣጥል። ቪዲዮው ከባዱ ቦታ ላይ ይቆማል። ቴራፒስቱ ታካሚው ፊቱ እንዳለ ቆጥሮ ወዲያውኑ ድምፁን አሰምቶ ይመልሳል፤ መልሱም ይቀረጻል። ከዚያ ዳኞች ስምንት ነገሮችን ይመዝናሉ፦ አንደበተ ርቱዕነት፣ ስሜትን በድምፅና በፊት መግለጽ፣ የማሳመን ኃይል፣ ተስፋ መስጠት፣ ሙቀት፣ መረዳት፣ ቅርበት የመፍጠር ችሎታ እና የሻከረን ግንኙነት ማለዘብ። 25 ቴራፒስቶችና 1,141 ታካሚዎቻቸው ሲታዩ፣ በዚህ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ታካሚዎቻቸውም ይበልጥ ተሽሏቸው ተገኘ። ቴራፒስቶቹ ስለ ራሳቸው ማኅበራዊ ችሎታ መጠይቅ ሞልተው የሰጡት ነጥብ ግን ምንም አልተናገረም። በኋላ በወጣ ሌላ ጥናት ፈተናው ለጀማሪ ተማሪዎች ገና ሥልጠናቸውን ሳይጀምሩ ተሰጠ፤ ያኔ ያገኙት ነጥብ ቆይተው በሚሰጡት አጭር ሕክምና ታካሚዎቻቸው የሚያገኙትን ውጤት አመለከተ።

ይህ ፈተና በአማርኛ ምን ይመስላል? አንድ ምናባዊ ታካሚ በአራተኛው ሳምንት እንዲህ ይላል እንበል፦ "እውነቱን ልንገርዎት ዶክተር፣ አራት ሳምንት ተመላለስኩ። ወሬ ብቻ ነው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም።"

አንዱ ቴራፒስት "ይኸውልህ፣ ቴራፒ ጊዜ ይፈልጋል። የሰጠሁህንም መልመጃ በደንብ አልሠራኸውም" ይላል። የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ታካሚው የሚሰማው ግን ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ነው። ሌላው ይደነግጣል፦ "ይቅርታ፣ ምን ላድርግልህ? ከፈለግክ ዘዴውን እንቀይረው።" አሁን ታካሚው ቴራፒስቱን ማባበል ሊኖርበት ነው። ሦስተኛው ሥልጠና ላይ እንደተማረው "ስሜትህን ስላካፈልከኝ አመሰግናለሁ" ብሎ ይቆማል፤ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው፣ ሰው ግን የለበትም። አራተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ "አራት ሳምንት ሙሉ ከሥራ አስፈቅደህ፣ የታክሲ እየከፈልክ መጥተህ ምንም ካላየህ ብትናደድ አይገርመኝም። እኔም ሳልሰማህ ያለፍኩት ነገር ያለ ይመስለኛል። ባለፈው የወንድምህን ነገር ስታነሳ እኔ ወደ እንቅልፍህ መለስኩህ። ነገሩ ከዚያ ነው የጀመረው ወይስ ቀደም ብሎ?" ልብ በሉ፣ አልተከላከለችም፤ አልወደቀችምም። ቁጣውን ከእሱ የዕለት ኑሮ ጋር አያይዛ ትክክለኛ አደረገችው፣ የራሷን ድርሻ አንድ ቦታ ላይ ጠቆመች፣ ከዚያም የሚመለስ ጥያቄ ሰጠችው። ይህ ሁሉ ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

በዚሁ ምሳሌ ታካሚው "እርስዎ" ሲል ቴራፒስቶቹ ሁሉ "አንተ" ብለውታል። በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ በአማርኛ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ መወሰን አለበት። "አንተ" ሲሉት የሚቀርብ ወጣት አለ፤ "አንቺ" ስትባል እንደተደፈረች የሚሰማት የሃምሳ ዓመት እናት አለች፤ "እርስዎ" ሲባል የተገፋ የሚመስለው ሰውም አለ። ደንቡ ቀላል ነው፦ በአክብሮት ጀምሮ፣ በመጀመሪያው ቀን "ምን ብዬ ልጥራዎት?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ። "አማካሪ" የሚለው መጠሪያችንም የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። ሽማግሌና የንስሐ አባት ጋ የለመደ ሰው የሚጠብቀው ምክር ነው። ቴራፒስቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ጥያቄ ብቻ ከጠየቀው "ምንም አልነገረኝም" ብሎ ይሄዳል። ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 በቴራፒስትና በታካሚ መካከል ያለው የሥራ ቁርኝት ሦስት ነገሮች አሉት ያለው ለዚህ ነው፦ መቀራረብ፣ በግቡ መስማማት፣ ግቡ ላይ ለመድረስ በሚሠራው ሥራ መስማማት። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ሦስተኛው ነው። "እኔ ምን አድርግ እንደምልህ ስትጠብቅ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የምንሠራው እንዲህ እንዲህ ነው፣ ምክንያቱም…" የሚል የሦስት ደቂቃ ማብራሪያ በመጀመሪያው ቀን ካልተሰጠ፣ በኋላ መጠገኑ ከባድ ነው።

ከ295 ጥናቶች የተሰበሰበውን መረጃ ክሪስቶፍ ፍሉኪገርና ባልደረቦቹ በ2018 ሲያጠቃልሉ፣ ቁርኝቱ ሲጠብቅ ውጤቱም እንደሚሻል አረጋግጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ሰው "ታዲያ ይህ የታካሚው ጠባይ ቢሆንስ? ተግባቢ ሰው ከማንም ጋር ይግባባል" ቢል ልክ ነው። ባልድዊን፣ ዋምፖልድና ኢመል በ2007 ይህንኑ ለመለየት የ80 ቴራፒስቶችን መረጃ ከፍለው አዩ። አንድ ቴራፒስት ከታካሚዎቹ ከአንዱ ይልቅ ከሌላው ጋር ይበልጥ መግባባቱ ውጤቱን አልለወጠውም። ልዩነት ያመጣው ቴራፒስቱ በአጠቃላይ፣ ከተለያየ ሰው ጋር፣ ቁርኝት የመፍጠር አቅሙ ነው። ችሎታው የቴራፒስቱ ነው ማለት ነው።

ቁርኝቱ ሲሻክር ሁለት መልክ አለው። አንዱ ከላይ ያየነው ግልጽ ቁጣ ነው። ሁለተኛው ማፈግፈግ ነው፤ በእኛ ታካሚዎች ላይ የሚበዛው ይህ ይመስለኛል። "እሺ ዶክተር።" "ደህና ነኝ፣ ተመስገን።" መልስ ያጥራል፣ ሰዓት ይረፍዳል፣ አሳዛኝ ነገር በሳቅ ይነገራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ስልክ አይነሳም። ቴራፒስቱ "ታካሚዬ ተስማምቶኛል" ብሎ ሲያስብ ሰውየው ከሄደ ቆይቷል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ዘዴውን አጥብቆ መያዝ ነው። ሉዊ ካስቶንጌና ባልደረቦቹ በ1996 ድባቴ ላላቸው ሰዎች የተሰጠን ኮግኒቲቭ ቴራፒ (በሐሳብ ላይ የሚያተኩር ሕክምና) ሲመረምሩ፣ ግንኙነቱ ሲሻክር አንዳንድ ቴራፒስቶች ሐሳብና ስሜት እንዴት እንደሚያያዙ ይበልጥ በማስረዳት ታካሚውን ለማሳመን ሲገፉ አገኙ። በገፉ ቁጥር ውጤቱ ባሰ። በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የሃንስ ስትረፕ ቡድንም ቴራፒስቶችን በማኑዋል ካሠለጠነ በኋላ የማይጠበቅ ነገር ገጠመው፤ ቴራፒስቶቹ ማኑዋሉን በሚገባ ተከተሉ፣ ነገር ግን በንግግራቸው ውስጥ ስውር ወቀሳና ቁጥጥር ጨመረ። ማኑዋሉን አጥብቀው የያዙት ደግሞ በራሳቸው ላይ ጨካኝ የሆኑት ነበሩ። ይህ በጥልቅ የሚያሳስበኝ ግኝት ነው። ራሱን የሚገርፍ ሰው ሳያውቀው ታካሚውንም ይገርፋል። በኖርዌይ ሄሌነ ኒሰን-ሊና ባልደረቦቿ በ2017 ያወጡት የዚህ ግልባጭ ነው፦ ታካሚዎቻቸው በተሻለ የተለወጡላቸው፣ "እየረዳሁት ይሆን?" ብለው በሥራቸው የሚጠራጠሩ፣ በግል ሕይወታቸው ግን ለራሳቸው ደግ የሆኑ ቴራፒስቶች ናቸው።

ጥርጣሬ የጎደለበት ቦታ ግልጽ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት 129 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ራሳቸውን ከሌላው ጋር እንዲያወዳድሩ ሲጠየቁ፣ ሩቡ ራሱን ከምርጥ 10 በመቶው ውስጥ መደበ፤ ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። በማይክል ላምበርት ቡድን በ2005 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ቴራፒስቶች ከ550 ታካሚዎች ውስጥ የትኞቹ እንደሚብስባቸው እንዲተነብዩ ተጠየቁ። 40 ሰዎች ባሰባቸው። ቴራፒስቶቹ ይብስባቸዋል ያሉት 3 ሰዎችን ብቻ ሲሆን የተሳካው ግምት አንድ ነው። ከመጠይቅ ነጥብ ተነስቶ የሚያሰላው ቀመር ከ40ዎቹ 36ቱን ለየ። የሥራ ዘመንም አያድነንም፦ በ2016 ሳይመን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ 170 ቴራፒስቶችን በአማካይ ወደ 5 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው፣ ውጤታቸው ከዓመት ዓመት እንዳልተሻሻለ፣ እንዲያውም በጣም ትንሽ እንደወረደ አገኙ። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ቀስተኛ የሳተውን ቀስት ያያል፤ ቴራፒስት የሳተው ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም። በምን እንደሳተ ሳያውቅ ሃያ ዓመት ይሠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት መለካት ነው። ቀላሉ መንገድ ስኮት ሚለርና ባሪ ደንከን ያዘጋጇቸው ሁለት አጫጭር ቅጾች ናቸው። እያንዳንዳቸው አራት መስመር አላቸው፤ መስመሩ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ታካሚው ምልክት ያደርግበታል፣ በማስመሪያ ይለካል፣ ድምሩ ከ40 ይያዛል። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር የሚሞላው ስለ ሳምንቱ ይጠይቃል፦ በግሌ፣ ከቅርብ ሰዎቼ ጋር፣ በሥራና በማኅበራዊ ሕይወቴ፣ በአጠቃላይ። ለአዋቂ ሰው ከ25 በታች ከሆነ ጭንቀቱ ከባድ ነው። ሊያልቅ ሲል የሚሞላው ስለ ቴራፒስቱ ነው፦ ተደምጫለሁ ወይ፣ የፈለግኩትን ተነጋግረናል ወይ፣ አካሄዱ ይስማማኛል ወይ፣ ዛሬ በአጠቃላይ። ከ36 በታች ከሆነ እዚያው መነጋገር ያስፈልጋል።

በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሁለተኛው ቅጽ ይሉኝታ ላይ ይወድቃል። ሁሉም 40 ከ40 ይሰጣል፤ ፊት ለፊት ሰውን መንቀፍ ነውር ነዋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ታካሚው ያውቀዋል፤ ቅሬታው የበሽታው አካል መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም። መፍትሔው ጥያቄውን ማሳነስ ነው። "ጥሩ ነበር?" ከተባለ መልሱ ሁልጊዜ "በጣም!" ነው። "ዛሬ ካወራነው ውስጥ ትንሽም ብትሆን የጎረበጠሽ ነገር ምን ነበረች?" ወይም "ታክሲ ውስጥ ሆነሽ 'ምነው ይህን ባነሳሁ ኖሮ' የምትይው ምን ይሆናል?" ሲባል ግን አንድ ነገር ይወጣል። ታካሚዋ ስትሞላ ቴራፒስቱ ወረቀቷ ላይ አያፍጥ። የመጣውን አስተያየት አያስረዳ፣ አይከላከል፤ ይጻፈውና በሚቀጥለው ሳምንት ለውጦት ይምጣ። "ባለፈው በፍጥነት ነው የምንሄደው ብለሽኝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ እንያዝ" ሲላት፣ ቅሬታዋ ዋጋ እንዳለው በዓይኗ ታያለች። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቅጽ ላይ 34 ስትሰጠው መደሰት አለበት።

መለካት ብቻውን ግን አያሠለጥንም። በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ያለ አንድ የምክር ማዕከል መለካትን ከልምምድ ጋር አዋህዶ ለ7 ዓመታት ሠርቶ፣ የ153 ቴራፒስቶቹ ውጤት በአማካይ ከዓመት ዓመት ትንሽ በትንሽ ከፍ እያለ ሄደ። ልምምድ ስል ማንበብ ወይም ወርክሾፕ መቀመጥ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ነው የሚደረገው። ከተዘጉ ፋይሎች ውስጥ ያቋረጡትንና ያልተሻላቸውን ለይቶ የሚደጋገመውን ነገር መፈለግ፤ አንዱ ቴራፒስት ወንዶች ሲያለቅሱ ርእስ ይቀይራል፣ ሌላዋ ዝምታ ከዐሥር ሰከንድ ሲያልፍ ትናገራለች። በጽሑፍ ፈቃድ ከተቀረጸ ክፍለ ጊዜ ያ ነገር የታየበትን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ መቁረጥ። ታካሚው ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ባልደረባ በዚያው ድምፅ እንዲለው ማድረግ፣ በሴኮንዶች ውስጥ ድምፅ አሰምቶ መመለስ፣ አስተያየት መቀበል፣ እንደገና መመለስ። ዐሥር ጊዜ። ከዚያ ባልደረባው ቁጣውን አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለሃያ ደቂቃ መሥራት ለጅምር ይበቃል። የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ባልደረባው አዝኖ ታካሚውን ለስለስ አድርጎ መጫወቱ፣ እና ሱፐርቪዥኑ (ቴራፒስቱ ሥራውን ከሌላ ባለሙያ ጋር የሚያይበት ጊዜ) ስለ ታካሚው ታሪክ በመተረክ ማለቁ። ስለ ዋና ሃምሳ ደቂቃ ቢወራ ዋናተኛ አይወጣም።

ችሎታው ከዲግሪ ጋር ተጣብቆ የሚመጣ እንዳልሆነ ከራሳችን አህጉር አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። በዚምባብዌ ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። ችግሩን የሚጠሩት በሾና ቋንቋ "ብዙ ማሰብ" በሚል ቃል ነው፤ እኛም "ሐሳብ ገደለኝ" እንደምንለው። በ2016 ውጤቱ በወጣው ሙከራ በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተሳትፈው፣ ስድስት ጊዜ ያህል ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። አያቶቹ የተቀናበረ ሥልጠናና ክትትል ነበራቸው፤ "ደግ ልብ ይበቃል" ብሎ መውሰድ ስህተት ነው። ችሎታውን መመዘንም ይቻላል። ብራንደን ኮርትና ባልደረቦቹ ኔፓል ውስጥ ያዘጋጁት መመዘኛ፣ ሠልጣኙ ታካሚ መስሎ ከሚጫወት ሰው ጋር ሲያወራ እየታየ የሚሞላ ነው፤ ማዳመጡን፣ ፊቱንና ድምፁን፣ ምስጢር መጠበቁን፣ ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቁን ያያል፤ ጉዳት የሚያደርሱ አነጋገሮችንም ለብቻ ይመዘግባል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ኢክዊፕ በተባለው መድረካቸው በነፃ ይሰጡታል፤ መድረኩ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሰርተፍኬት ከመስጠት በፊት ሠልጣኙን እንዲህ ማየት በየማሠልጠኛው ግዴታ ቢሆን እመኛለሁ።

በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያለ ወገን ደግሞ "የግድ ሐበሻ ቴራፒስት ላግኝ ወይ?" ብሎ ይጨነቃል። በ2011 የታተመ ሰፊ ትንታኔ እንደሚያሳየው፣ ሰዎች ከራሳቸው ወገን የሆነ ቴራፒስት ይመርጣሉ፤ ውጤታቸው ግን በዚህ ምክንያት ብዙም አይለያይም። ቋንቋ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማልቀሻ ቋንቋው አማርኛ የሆነ ሰው በአማርኛ ቢያወራ ይቀለዋል። ግን የአገር ሰው ጋ ወሬው ይወጣል ብሎ የሚፈራም አለ፣ ፍርሃቱም መከበር አለበት።

ቴራፒስት ለምትፈልጉ፣ ያን ፈተና እናንተም መስጠት ትችላላችሁ። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ የእውነት የተሰማችሁን አንድ ትንሽ ቅሬታ ምረጡ፦ "ባለፈው ያሉኝ ነገር ከፍቶኝ ነበር" ወይም "ይህ መልመጃ ለምን እንደሆነ አልገባኝም"። ተናገሩትና ፊቱን ተመልከቱ። ዝም ብሎ ለአፍታ ያስባል? ምኑ እንደሆነ ይጠይቃል? በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ መልሶ ያነሳዋል? ከሆነ ቆዩ፤ ዲግሪው ትንሽ ቢሆንም። ቢያኮርፍ፣ ቢያስረዳችሁ፣ ወይም "ይህም የችግርህ ምልክት ነው" ቢላችሁ፣ አንድ ዕድል ጨምሩለት፤ ሁለተኛም እንዲሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ቀጠሮ ስትሰርዙ ይሉኝታ አይያዛችሁ። አንድ አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል።